የልማትና የሰብዓዊ እርዳታ ፕሮጀክቶች ክትትልና ግምገማ፦ ከወጪ ሪፖርት ወደ ለውጥ መለኪያ

በየዓመቱ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በዓለም አቀፍ ተቋማትና በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አማካይነት በርካታ የልማትና የሰብዓዊ እርዳታ ፕሮጀክቶች ይነደፋሉ፤ በጀት ተመድቦላቸውም ሥራ ላይ ይውላሉ። በበጀት ዓመቱ መጨረሻ የሚቀርበው ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ ምን ያህል ገንዘብ ወጪ እንደተደረገ፣ ምን ያህል ሰው እንደሠለጠነና ስንት ኩንታል እህል እንደተከፋፈለ ይዘረዝራል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ በመውጣቱ የተጠቃሚው ኑሮ ምን ያህል ተለወጠ? እህሉስ ለተገቢው ቤተሰብ በተገቢው ጊዜ ደረሰ ወይ? የሚሉት ጥያቄዎች በወጪ ሪፖርት ብቻ ምላሽ አያገኙም።

ለእነዚህ ጥያቄዎች በማስረጃ የተደገፈ ምላሽ ለመስጠት የሚያስችለው አሠራር የፕሮጀክት ክትትልና ግምገማ በመባል ይታወቃል። ይህ ጽሑፍ የክትትልና ግምገማን ምንነት፣ አመጣጥና መመዘኛዎች እንዲሁም በኢትዮጵያና በሌሎች አገሮች የተገኙ ተሞክሮዎችን በማንሳት ፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ ነጥቦችን ይዳስሳል።

የክትትልና የግምገማ ምንነት

ክትትልና ግምገማ ብዙ ጊዜ በአንድነት ቢጠሩም የተለያየ ተግባር አላቸው። ክትትል ፕሮጀክቱ በሥራ ላይ እያለ በተከታታይ የሚካሄድ የመረጃ ማሰባሰብ ሥራ ሲሆን፣ ዋና ዓላማውም ሥራው በዕቅዱ መሠረት እየሄደ ስለመሆኑ ለኃላፊው በወቅቱ ማሳወቅ ነው። ግምገማ ደግሞ በተወሰነ ጊዜ ማለትም በፕሮጀክቱ አጋማሽ፣ በማጠቃለያው ወይም ከተጠናቀቀ ዓመታት በኋላ የሚካሄድ ጥልቅ ጥናት ሲሆን፣ ፕሮጀክቱ ትክክለኛ ችግር ላይ ያነጣጠረ ስለመሆኑ፣ ለውጥ ስለማምጣቱና ለውጡ የመጣበትን ምክንያት ይመረምራል። በአጭሩ ክትትል ሥራው እንዴት እየሄደ እንደሆነ ሲያሳይ፣ ግምገማ ለምን እንደዚያ እንደሆነና ምን እንዳስገኘ ያስረዳል።

ሁለቱም ከኦዲት የተለዩ ናቸው። ኦዲት ገንዘብና ንብረት በሕግና በመመሪያ መሠረት ሥራ ላይ መዋሉን ያረጋግጣል። አንድ ፕሮጀክት ነቀፌታ የሌለበት የኦዲት ሪፖርት ሊያገኝና የታለመለትን ለውጥ ግን ሳያመጣ ሊቀር ይችላል። ደረሰኙ ሁሉ ተሟልቶ የውኃ ጉድጓዱ ግን ከስድስት ወር በኋላ ሥራ ያቆመበት ፕሮጀክት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል።

የፕሮጀክት ሥራ በአምስት ደረጃዎች ተከፍሎ ይታያል። እነዚህም ግብዓት፣ ተግባር፣ ውጤት፣ ፋይዳና ዘላቂ ለውጥ ናቸው። በገጠር የመጠጥ ውኃ ፕሮጀክት ገንዘቡ፣ ባለሙያውና መቆፈሪያ መሣሪያው ግብዓት ናቸው፤ ቁፋሮው ተግባር ነው፤ ተጠናቆ ውኃ የሚሰጠው ጉድጓድ ውጤት ይባላል። እናቶችና ልጃገረዶች ውኃ ለመቅዳት የሚያጠፉት ጊዜ መቀነሱና ቤተሰቡ ንጹሕ ውኃ በቋሚነት መጠቀሙ የፕሮጀክቱ ፋይዳ ሲሆን፣ የተቅማጥ በሽታ መቀነስና የሴት ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ አለመቅረት ደግሞ ዘላቂ ለውጥ ነው። አብዛኞቹ ሪፖርቶች ሦስተኛው ደረጃ ላይ ይቆማሉ። ዜጋው የሚጠብቀው ግን አራተኛውንና አምስተኛውን ነው።

በእያንዳንዱ ደረጃ ለውጡን ለመለካት አመልካች ያስፈልጋል። ጥሩ አመልካች ምን እንደሚለካ፣ በማን ላይ እንደሚለካ፣ መቼና ከየት መረጃው እንደሚገኝ በግልጽ ያስቀምጣል። «የኅብረተሰቡን ግንዛቤ ማሳደግ» የሚለው አገላለጽ ዓላማ እንጂ አመልካች አይደለም። «በቀበሌው ውስጥ ከ500 ሜትር ባልበለጠ ርቀት የሚሠራ የውኃ ተቋም ያላቸው አባወራዎችና እማወራዎች በመቶኛ» የሚለው ግን ሁለት የተለያዩ ባለሙያዎች ለክተውት ተመሳሳይ ውጤት ሊያገኙበት የሚችሉ አመልካች ነው። አመልካቹ ትርጉም የሚኖረው ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተሰበሰበ የመነሻ መረጃ ሲኖር ነው። መነሻው ካልታወቀ የተጓዘው ርቀት ሊታወቅ አይችልም።

አመጣጡ

የፕሮጀክት ክትትልና ግምገማ በዛሬው መልኩ የተስፋፋው ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ለአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ተራድኦ ድርጅት የተዘጋጀው ሎጂካል ፍሬምወርክ ወይም በአጭሩ ሎግ ፍሬም ተብሎ የሚጠራው ሠንጠረዥ ለዚህ መሠረት ጥሏል። ሠንጠረዡ በአንድ ገጽ ላይ የፕሮጀክቱን ግብ፣ ዓላማ፣ ውጤቶችና ተግባራት ከላይ ወደ ታች፣ አመልካቾችን፣ የማረጋገጫ ምንጮችንና ታሳቢዎችን ደግሞ ወደ ጎን ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲህ የጀርመን፣ የእንግሊዝና የአውሮፓ ኅብረት የልማት ተቋማትም አሠራሩን በየራሳቸው መልክ ሥራ ላይ አውለውታል።

ሎግ ፍሬም አስተሳሰብን ሥርዓት ቢያስይዝም የራሱ ውስንነት አለው። ሠንጠረዡ አንዴ ከጸደቀ በኋላ እንደ ውል እየታየ ሁኔታዎች ሲለወጡ እንኳ ሳይሻሻል የሚቀርበት አጋጣሚ ብዙ ነው። በተለይ የመጨረሻው ዓምድ ማለትም ታሳቢዎች የሚሰፈሩበት ቦታ ትኩረት ይነፈገዋል። «ዝናቡ በወቅቱ ይጥላል»፣ «የእህል ዋጋ አይለዋወጥም»፣ «የሠለጠኑ ባለሙያዎች በሥራቸው ላይ ይቆያሉ» የሚሉ ታሳቢዎች በፕሮጀክቱ ዘመን ሁሉ ክትትል ሊደረግባቸው የሚገቡ እንጂ ለፎርም ማሟያ ብቻ የሚጻፉ አይደሉም።

ስድስቱ መመዘኛዎች

የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የልማት እርዳታ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣቸው የግምገማ መርሆዎች ዛሬም በመላው ዓለም ያገለግላሉ። ከእነዚህ መርሆዎች የመነጩት መመዘኛዎች አምስት የነበሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ማሻሻያ ስድስት ሆነዋል።

የመጀመሪያው ተገቢነት ነው፤ ፕሮጀክቱ የተጠቃሚዎችን ፍላጎትና የአገሪቱን ቅድሚያ ትኩረት የሚመልስ ስለመሆኑ ይጠይቃል። ሁለተኛው በ2019 የተጨመረው ተጣጣሚነት ሲሆን፣ ፕሮጀክቱ በዚያው አካባቢና ዘርፍ ከሚካሄዱ ሌሎች ሥራዎች ጋር የሚደጋገፍ ወይም የሚጋጭ ስለመሆኑ ይመረምራል። ሦስተኛው ውጤታማነት ዓላማው መሳካት አለመሳካቱን ይመዝናል። አራተኛው ብቃት ሀብቱ በቁጠባና በወቅቱ ሥራ ላይ መዋሉን ይመለከታል። አምስተኛው ዘላቂ ለውጥ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ፣ ታስቦም ሆነ ሳይታሰብ የመጣውን ሰፊ ለውጥ ይፈትሻል። ስድስተኛው ቀጣይነት ሲሆን፣ ድጋፉ ሲቋረጥ ጥቅሙ የሚቀጥል ስለመሆኑ ይጠይቃል።

ኮሚቴው በማሻሻያው መመዘኛዎቹ በጭፍን እንደ ማረጋገጫ ዝርዝር እንዳይሞሉ አሳስቧል። ሁሉም መመዘኛ ለሁሉም ፕሮጀክት እኩል ክብደት የለውም። ለምሳሌ ሕይወት አድን እርዳታ በሚሰጥበት ወቅት ከቀጣይነት ይልቅ ወቅታዊነትና ተደራሽነት ቅድሚያ ሊያገኙ ይገባል።

የለውጡን ባለቤት መለየት

በግምገማ ውስጥ አስቸጋሪው ጥያቄ የታየው ለውጥ በፕሮጀክቱ ምክንያት የመጣ ስለመሆኑ ማረጋገጥ ነው። በአንድ ወረዳ ምርት የጨመረው በተሰጠው ሥልጠና ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ጥሩ ዝናብ በመጣሉም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን መገመት የግድ ይላል። ለዚህም ድጋፍ ያገኙትን ከማያገኙ ተመሳሳይ ቤተሰቦች ጋር ማነጻጸር የተለመደ ዘዴ ነው።

ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ፕሮግሬሳ የተባለውንና ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ጤና ተቋም ለሚልኩ ድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ የሚሰጠውን ፕሮግራም ስትጀምር ግምገማውን ከጅምሩ በዕቅዱ ውስጥ አካትታ ነበር። ለግምገማ ከተመረጡት 506 የገጠር መንደሮች 320ዎቹ በዕጣ ተለይተው ቀድመው ወደ ፕሮግራሙ ሲገቡ፣ ቀሪዎቹ 186 ዘግይተው ገብተዋል። በዚህ መንገድ የተገኘው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2000 አዲስ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ፕሮግራሙ እንዳይቋረጥ ረድቷል። እንዲያውም ስሙ ተለውጦ ወደ ከተሞች እንዲስፋፋ ተደርጓል። ከዚህ የምንረዳው ጥሩ ግምገማ ለጠቃሚ ፕሮግራም ከለላ እንደሚሆን ነው።

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተሞክሮ

በአገራችን በስፋት ከተገመገሙ ፕሮግራሞች አንዱ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። በ1995 ዓ.ም. በተከሰተው ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ በሆነበት ወቅት በየዓመቱ የአስቸኳይ እርዳታ ጥሪ ማቅረብ ችግሩን ሊፈታ እንደማይችል ግልጽ ሆነ። እህሉ ዘግይቶ ሲደርስ ቤተሰቡ ከብቱን ሸጦ ይጠብቃል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ይበልጥ ተጋላጭ ይሆናል። በመሆኑም መንግሥት ከልማት አጋሮች ጋር በመተባበር በ1997 ዓ.ም. ፕሮግራሙን ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት 5 ሚሊዮን የሚጠጋ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተጠቃሚ ለማድረግ ተችሏል።

አሠራሩ በቀላሉ የሚገለጽ ነው። ሥር የሰደደ የምግብ ዋስትና ችግር ያለባቸው ቤተሰቦች በማህበረሰቡ ተለይተው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዓመት ለስድስት ወራት ክፍያ ያገኙ ነበር። መሥራት የሚችሉት በአፈርና ውኃ ጥበቃ፣ በመንገድና በመሰል የማህበረሰብ ሥራዎች ሲሳተፉ፣ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሌሎች ለሥራ ያልደረሱ ወይም አቅም የሌላቸው ወገኖች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተመዘገበ አንድ የቤተሰብ አባል በወር የአምስት የሥራ ቀን ክፍያ የሚታሰብለት ሲሆን፣ የቀኑ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ ግራም እህል ነበር።

እዚህ ላይ የክትትልን ጥቅም በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ሁሉም አባላቱ ከተመዘገቡ በወር 150 ብር፣ በስድስት ወር 900 ብር ያገኛል። ሆኖም ኮሚቴው ብዙ ቤተሰቦችን ለማዳረስ በማሰብ ከአምስቱ ሁለቱን ብቻ ቢመዘግብ የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ 360 ብር ይሆናል። በተጠቃሚዎች ዝርዝር ላይ ቤተሰቡ «ተጠቃሚ» ተብሎ ይቆጠራል፤ ሪፖርቱም ዒላማው መሳካቱን ያሳያል። ለአምስት ሰው የተከፋፈለው 360 ብር ግን ለአንድ ሰው 72 ብር በመሆኑ የታሰበውን 180 ብር ግማሽ እንኳ አይሞላም። የተጠቃሚዎችን ቁጥር ብቻ የሚከታተል ሥርዓት ይህን ጉድለት ሊያይ አይችልም። በእያንዳንዱ ቤተሰብ እጅ የገባውን መጠን የሚከታተል ግን ያየዋል። የድጋፉ በብዙ ቤተሰቦች መካከል መሳሳት በፕሮግራሙ ጅማሮ ከታዩት ችግሮች አንዱ በመሆኑ ሙሉ ቤተሰብን መመዝገብ የሚለው መርህ ትኩረት እንዲሰጠው ተደርጓል።

የፕሮግራሙን ዘላቂ ለውጥ የሚገመግሙ ጥናቶች ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ በዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋምና በቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ትብብር ተካሂደዋል። የመጀመሪያው ቅኝት በአራት ክልሎች 3 ሺህ 700 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ያካተተ ነበር። ተጠቃሚዎች የተመረጡት በዕጣ ሳይሆን በችግራቸው መጠን በመሆኑ አጥኚዎቹ በፕሮግራሙ ያልታቀፉ ነገር ግን በኑሯቸው የሚመሳሰሉ ቤተሰቦችን በስታቲስቲክስ ዘዴ እየመረጡ አነጻጽረዋል።

የመጀመሪያው ዙር ውጤት ለኃላፊዎች የማይጥም ነበር። በአማካይ ሲታይ ለውጡ እምብዛም አልነበረም። መረጃው በዝርዝር ሲመረመር ግን ምክንያቱ ታወቀ፤ በርካታ ቤተሰቦች ሊያገኙት ከሚገባው ክፍያ በታች ነበር የደረሳቸው። ከታሰበላቸው ቢያንስ ግማሹን ያገኙት ቤተሰቦች በምግብ ዋስትናቸው መሻሻል አሳይተዋል። ከክፍያው በተጨማሪ የብድር፣ የግብርና ግብዓትና የምክር አገልግሎት ያገኙት ደግሞ የበለጠ ተጠቅመዋል። አማካይ ቁጥሩ ብቻ ቢታይ ፕሮግራሙ አልሠራም ተብሎ ይደመደም ነበር። ችግሩ ግን በሐሳቡ ላይ ሳይሆን በአፈጻጸሙ ላይ ነበር።

ፕሮግራሙ እየቆየ ሲሄድ የተካሄዱት ጥናቶች ይህንኑ አጠናክረዋል። በማህበረሰብ ሥራ ለአምስት ዓመት የተሳተፉ ቤተሰቦች ለአንድ ዓመት ብቻ ከተሳተፉት ጋር ሲነጻጸሩ በዓመት ምግብ የሚያጥርባቸው ጊዜ በ1.29 ወራት ቀንሷል፤ የከብት ሀብታቸውም ጨምሯል። አንድ ወር ከሩብ የሚሆን ጊዜ በወረቀት ላይ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። በክረምት ወራት ጎተራው ለተሟጠጠበት አርሶ አደር ግን ዘሩን ከመብላትና በሬውን ከመሸጥ የሚያድነው ይኸው ጊዜ ነው።

ከታሳቢዎች አንጻርም ትምህርት ተገኝቷል። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በከፍተኛ ደረጃ በመናሩ በገንዘብ የሚከፈለው ክፍያ የመግዛት አቅሙን አጣ። የቀን ክፍያው በዚያው ዓመት ወደ 8 ብር፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 10 ብር ከፍ ቢደረግም ጭማሪው የገበያውን ዋጋ ሊከተል አልቻለም። በመሆኑም ብዙ ተጠቃሚዎች በገንዘብ ፋንታ እህል መረጡ። ገበያ ለፕሮግራሙ ተገዥ ስላልሆነ ከፕሮጀክቱ ውጭ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም፤ የገበያ ዋጋ ክትትል የፕሮግራሙ ክትትል አካል ሊሆን ይገባል።

ሌላው ውጤት ስለ ሕጻናት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 ያለውን ጊዜ የተመለከተው ግምገማ ፕሮግራሙ የሕጻናትን የአመጋገብ ሁኔታ ስለማሻሻሉ ማስረጃ አላገኘም። የቤተሰቡ የምግብ እጥረት ወራት ቢቀንሱም የሕጻኑ እድገት በንጹሕ ውኃ፣ በበሽታ፣ በእናቲቱ የሥራ ጫናና በአመጋገብ ዕውቀትም የሚወሰን በመሆኑ አንዱ ሌላውን በቀጥታ አያስከትልም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው አራተኛው ምዕራፍ ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች ከማህበረሰብ ሥራ ወጥተው በጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ እንዲታቀፉ፣ ከጤና አገልግሎትም ጋር እንዲተሳሰሩ የሚያደርግ ሥርዓት ይዞ መጥቷል። የግምገማ ፋይዳ የሚለካው ቀጣዩ ዕቅድ ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ ሲያስከትል ነው።

በአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ወቅት

በአደጋ ጊዜ ጊዜ አጭር፣ መረጃ አነስተኛ፣ ስህተት ደግሞ ሕይወት የሚያስከፍል በመሆኑ ክትትሉ ቀድሞ የተወሰነ መስፈርት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የስፌር ፕሮጀክት ያዘጋጀው መመሪያ ለዚህ ያገለግላል። በመመሪያው መሠረት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ፣ በአማካይ 2 ሺህ 100 ኪሎ ካሎሪ ምግብና 3.5 ካሬ ሜትር መጠለያ ይታሰባል፤ አንድ የቧንቧ ውኃ መቅጃ ከ250 ሰው በላይ ሊያገለግል አይገባም። ከ10 ሺህ ሰዎች መካከል በቀን የሚሞቱት ቁጥር 1፣ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕጻናት ደግሞ 2 ሲደርስ ሁኔታው እንደ አስቸኳይ አደጋ ይቆጠራል። በከፍተኛ የምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕጻናት በሚሰጥ ሕክምና ከ75 በመቶ በላይ ማገገም፣ ከ10 በመቶ በታች ሞትና ከ15 በመቶ በታች ማቋረጥ ይጠበቃል።

በዚህ ረገድ ከኢትዮጵያ የተገኘ ማስረጃ የዓለምን አሠራር ለመለወጥ አስተዋጽኦ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሐዲያ ዞን በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕጻናት እንደተለመደው ወደ ማዕከል ገብተው እንዲተኙ ከማድረግ ይልቅ በቤታቸው ሆነው ለምግብነት ዝግጁ የሆነ የሕክምና ምግብ እንዲወስዱ ተደረገ። የ170 ሕጻናት መዝገብ ተመርምሮ በሕክምና መጽሔት ላይ ሲወጣ 85 በመቶ ማገገማቸውንና 4 በመቶ መሞታቸውን አሳየ። ይህና ከሌሎች አገሮች የተገኘው መረጃ ተጠናቅሮ እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ ዩኒሴፍና የመንግሥታቱ ድርጅት የሥነ ምግብ ቋሚ ኮሚቴ ማህበረሰብ አቀፍ ሕክምናን በጋራ መግለጫ ደግፈዋል። የዚህ ሁሉ መነሻ በየሳምንቱ በጥንቃቄ የተሞላ የሕሙማን ካርድ ነበር። ካርዱን የሚሞላው የጤና ባለሙያ ሥራው ተራ የጽሕፈት ሥራ አለመሆኑን ሊገነዘብ ይገባል።

በርካታ ለጋሾች በጋራ ያካሄዱት የሩዋንዳ የአስቸኳይ እርዳታ ግምገማ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ የሰብዓዊ እርዳታ የፖለቲካ እርምጃን ሊተካ እንደማይችል፣ የእርዳታ ድርጅቶችም ለተረጂዎች ያላቸው ተጠያቂነት ደካማ መሆኑን አሳይቷል። በቀጣዩ ዓመት ድርጅቶች ከግምገማ የሚማማሩበት አልናፕ የተባለ መድረክ ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 በሕንድ ውቅያኖስ የተከሰተውን የሱናሚ አደጋ የተመለከተውና እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የጋራ ግምገማ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሕይወት ያዳኑት በዋናነት የአካባቢው ነዋሪዎች መሆናቸውን፣ በኋላ በብዛት የገቡት የውጭ ድርጅቶች ግን የአካባቢውን አቅም ወደ ጎን የመተው ዝንባሌ እንደነበራቸው ገልጿል።

ተረጂውን ማዳመጥ

ከእነዚህ ግምገማዎች የተገኘው የጋራ ትምህርት ተረጂው ራሱ የክትትሉ አካል መሆን እንዳለበት ነው። በሴፍቲኔት ፕሮግራም የተቋቋሙት የቀበሌ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴዎች ያለአግባብ ከዝርዝር የወጣ ቤተሰብ አቤቱታውን የሚያቀርብባቸው መድረኮች ናቸው። ሆኖም ተጠቃሚዎችን የመለመለው ኮሚቴ አባላት በቅሬታ ሰሚነትም ከተቀመጡ መድረኩ ስም ብቻ ይሆናል። አንድ ወረዳ «ምንም ቅሬታ አልቀረበም» ብሎ ሲያሳውቅ ይህ ሁልጊዜ የመልካም አፈጻጸም ምልክት አይደለም። ሕዝቡ ስለ መድረኩ አለማወቁን ወይም መናገር መፍራቱን ሊያሳይም ይችላል። ስለዚህ የቅሬታዎች ብዛት ብቻ ሳይሆን ምላሽ ያገኙት ብዛትና ምላሽ የወሰደው ጊዜ መታየት ይኖርበታል።

የክትትል ድክመት ዋጋ

ክትትል ሲላላ ዋጋውን በመጀመሪያ የሚከፍለው ተረጂው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የምግብ እርዳታ ለታለመለት ወገን አለመድረሱ በመረጋገጡ የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመጀመሪያ በትግራይ፣ በሰኔ ወር ደግሞ በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ ሥርጭትን አቋርጠዋል። ሥርጭቱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ እንደገና የተጀመረው የተጠቃሚዎች ምዝገባ፣ የምልመላና የእህል እንቅስቃሴ ክትትል አሠራሮች ከተሻሻሉ በኋላ ነው። በእነዚያ ወራት እህል ያልደረሰው ቤተሰብ በጥፋቱ ድርሻ አልነበረውም። ከመጋዘን እስከ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ከማከፋፈያ ጣቢያ እስከ ቤተሰቡ ማድቤት ያለውን ሰንሰለት መከታተል የወረቀት ሥራ ተብሎ የሚናቅ አለመሆኑን ይህ ክስተት ያስገነዝባል።

ሌላው ችግር ቁጥር ራሱ ግብ ሆኖ የሚገኝበት ሁኔታ ነው። የሥራ ኃላፊ የሚመዘነው ከፕሮግራሙ ባስመረቃቸው ቤተሰቦች ብዛት ከሆነ፣ ራሳቸውን ያልቻሉ ቤተሰቦች በወረቀት ላይ ብቻ የሚመረቁበት ዕድል ይሰፋል። በሚቀጥለው ድርቅ ግን እነዚሁ ቤተሰቦች በእርዳታ ፈላጊዎች ዝርዝር ላይ ተመልሰው ይገኛሉ። መፍትሔው ቁጥሩን መተው ሳይሆን ከእሱ ጋር የሚመዛዘን ሌላ አመልካች ማስቀመጥ ነው። ከተመረቁት ውስጥ ከሁለት ዓመት በኋላ ያለ ድጋፍ የቆሙት ምን ያህል ናቸው የሚለው ለዚህ ተስማሚ ነው።

የሪፖርት ብዛትም ሸክም ነው። አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ለአምስት አጋር ድርጅቶች በአምስት የተለያዩ ቅጾች ሪፖርት ሲያዘጋጅ ባለሙያው ለመስክ ጉብኝት ጊዜ አይኖረውም። እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደቀው የፓሪስ መግለጫ ለጋሾች የተቀባይ አገሮችን ሥርዓት እንዲጠቀሙና አሠራራቸውን እንዲያጣጥሙ የጠየቀው ይህንን ለማቃለል ነበር። በሴፍቲኔት ፕሮግራም መንግሥትና ለጋሾች በጋራ የሚያካሂዱት ወቅታዊ የአፈጻጸም ግምገማ የዚህ መርህ ተግባራዊ መገለጫ ነው።

የመረጃ ምንጭ በውጭ ገንዘብ ላይ ብቻ መመሥረቱም አደጋ አለው። በአገራችን በእድሜያቸው የቀጨጩ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕጻናት እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበሩበት 58 በመቶ በ2016 ወደ 38 በመቶ መውረዳቸው የታወቀው በሥነ ሕዝብና ጤና ቅኝቶች አማካይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የእነዚህ ቅኝቶች ዓለም አቀፍ ፕሮግራም የአሜሪካ የገንዘብ ድጋፉን አጥቷል፤ የድጋፉ ምንጭ የነበረው የተራድኦ ድርጅትም በዚያው ዓመት ከሐምሌ ወር መግቢያ ጀምሮ ሥራውን አቁሟል። ይህም አገራዊ የስታቲስቲክስ አቅምን መገንባትና በመሥሪያ ቤቶች መደበኛ መዝገቦች ጥራት ላይ መሥራት አማራጭ የሌለው ተግባር መሆኑን ያመለክታል።

ለፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች

ከላይ ከተነሱት ተሞክሮዎች በመነሳት የሚከተሉት ነጥቦች ትኩረት ሊሰጣቸው ይገባል።

1. የክትትልና ግምገማ ዕቅድና በጀት ከፕሮጀክቱ ሰነድ ጋር አብሮ ይዘጋጅ፤ የመነሻ መረጃውም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይሰብሰብ። በማጠቃለያ ላይ የሚታወስ ግምገማ የሚያነጻጽርበት መነሻ አያገኝም።

2. አመልካቾች ጥቂትና ጥቅም ላይ የሚውሉ ይሁኑ። መረጃው ሲቀርብ ማን ምን ውሳኔ እንደሚሰጥበት መመለስ ካልተቻለ አመልካቹን መሰረዝ ይሻላል።

3. መረጃ በጾታ፣ በእድሜና በአካባቢ ተለይቶ ይያዝ፤ አማካይ ቁጥር የተጎዳውን ወገን ሊሸፍን ይችላልና።

4. በሪፖርት የተገለጸው ሁሉ በናሙና በመስክ ይረጋገጥ። ከዝርዝሩ በዕጣ የተመረጡ ጥቂት ቤተሰቦችን ማነጋገር፣ ኃላፊው ወደሚመርጠው ሞዴል ቀበሌ ከሚደረግ ጉብኝት የበለጠ ያስረዳል።

5. ፈጻሚና ገምጋሚ ይለያዩ። የራሱን ሥራ ራሱ የሚመዝን አካል ለትችት ዝግጁነቱ አነስተኛ ነው።

6. የግምገማው ግኝት ለወረዳው፣ ለቀበሌውና ለተጠቃሚው በሚገባው ቋንቋ ተመልሶ ይቅረብ። ለእያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ ኃላፊነት የሚወስድ አካልና የጊዜ ገደብ ተወስኖ አፈጻጸሙ ይታይ።

7. ጉድለትን ያሳወቀ ባለሙያ እንዳይቀጣ ጥንቃቄ ይደረግ። መጥፎ ዜና የሚያስቀጣ ከሆነ ወደ በላይ አካል የሚደርሰው መልካም ዜና ብቻ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ክትትልና ግምገማ ለለጋሾች ሲባል የሚሟላ ቅጽ ወይም ጥፋተኛን ለመለየት የሚካሄድ ምርመራ አይደለም። ውሱን የሆነው የሕዝብና የአጋሮች ሀብት ለታለመለት ወገን መድረሱን፣ ከደረሰም ኑሮውን መለወጡን የሚያረጋግጥ የአመራር መሣሪያ ነው። የሴፍቲኔት ፕሮግራም ታሪክ እንደሚያሳየው የማይጥም ግኝት በግልጽ ቀርቦ ምክንያቱ ሲመረመር ፕሮግራሙ ይሻሻላል። ግኝቱ በመሳቢያ ውስጥ ከቀረ ግን ያው ስህተት በሚቀጥለው ድርቅ ይደገማል። በመሆኑም በየደረጃው ያሉ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ከሚፈርሙት ሪፖርት ጀርባ ያለውን ቤተሰብ እያሰቡ መረጃን በጥራት መያዝ፣ በታማኝነት ማቅረብና በውሳኔ ላይ ማዋል ይጠበቅባቸዋል።